ዕቃ ይቀመጣል፥ ሰው ግን ይኖራል

በደሉን መናገር የሚችል ሰው ቢበደል ይጮኻል፥ ቢጮኽም ዳኛ ይሰማዋል። መናገር የማይችለው፥ ቢናገርም ቃሉ የማይታመንለት ሰው ግን ጠበቃው የጠባቂው ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ከወላጆቻቸው ቤት ውጭ የሚያድሩበት ቤት እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ዛሬ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ነገሩን ከሩቅ ሳንሄድ ከአቃቂ በሰቃ እንጀምረው። በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያደገችው፥ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለችው ይህች ስፍራ ከጥንት ጀምራ የፋብሪካ ሠራተኛ አገር ናት። በፈረቃ የሚሠሩ አባትና እናት ቃል የሌለው፥ አደጋን የማይለይ ልጅ ቢኖራቸው ቀኑን ለማን አስረክበውት ይውላሉ? ቀድሞ ጎረቤት ነበረ፤ ቡና የሚያጣጣው፥ ዕድር የሚያስተሳስረው፥ የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚያበላና የሚቆጣ ጎረቤት። ሰፈራቸው ፈርሶ ከመሃል ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ መሰሎቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የመጡ ቤተ ሰቦች ግን አዲስ ቤት ሲያገኙ ያን የቆየ ጎረቤት አጥተዋል። እንግዲህ የሚቀረው በር መቆለፍ ነው። በሩን የሚቆልፉት ስለ ጨከኑ ሳይሆን ስለ ተቸገሩ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እኔ የሞትሁ እንደ ሆነ ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው።

አስቀድሞ ነገሩን በስሙ መጥራት ይገባል። ኦቲዝም እብደት አይደለም፥ የወላጅ ኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ እንደ ጻፈው፥ ከሕፃንነት የሚጀምርና ከሰው ጋር የመግባባትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ይህ ነገር ነበረበት። በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ 27 ያህሉም ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። የጎደላቸው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ግን ከመቶው 75 ያህሉ የልጃቸውን ትምህርት አነሡ። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ አብዛኞቹ የለመኑት ልጃቸው የሚማርበትን ነው።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የነበረው ማደሪያ ለሌላ ችግር የተሠራ ነው። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው አማኑኤል ሆስፒታልና የገፈርሳው ማገገሚያ የአእምሮ ሕሙማንን ሲረዱ ኖረዋል፤ መቄዶንያም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ በማስጠጋቱ ምስጋና ይገባዋል። በሌላ ወገን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቋቋሙት ኒያ ፋውንዴሽን የጆይን ማዕከል ከፈቱ፤ ከዚያም በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ። እነዚህ ግን ልጁ ውሎ የሚማርባቸው ናቸው፤ ሲመሽ የሚመልሰው እናቱ ቤት ነው። እናት የሌለችበት ማታ ሲመጣስ? ሕመሙ በመድኃኒት የሚሻለው ሰውና ኦቲዝም ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖር ወጣት በአንድ አዳራሽ ቢያድሩ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ የሚያስፈልጋቸው እንክብካቤ ልዩ ልዩ ነውና።

ቃሊቲ የሚለው ስም ለብዙ ዓመታት የወኅኒ ቤት መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል። ወደ ወኅኒ የሚገባ ሰው ግን የተከሰሰበት ነገር ተነግሮት፥ ዳኛ ሰምቶት ነው፤ የተፈረደበትም እንደ ሆነ የሚፈታበት ቀን በጽሕፈት ይታወቃል። ምንም ሳያጠፋ ወደ ማደሪያ ቤት የሚገባው ወጣት ግን ያለ ዳኛ ይገባል፥ የሚወጣበትንም ቀን የሚያውቅለት የለም። እንግዲህ የማደሪያ ቤት አሠራር ቢከፋ ከወኅኒ ይልቅ የከፋ ይሆናል ማለት ነው።

ይህም እንዲያው ፍርሃት እንዳይመስል የእንግሊዝን አገር ታሪክ እንይ። በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ነበረ። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልበት ነበር፤ ስለዚህ ገንዘብ አልጎደለውም። አንድ ነርስ በዚያ የሚሠራውን ግፍ አይቶ ለአለቆቹና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቢያመለክት ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ጋዜጠኛ ሠራተኛ መስሎ ገብቶ በስውር በቀረጸው ፊልም ሕሙማኑ ሲደበደቡና ሲዋረዱ ታየ፤ ቤቱ ተዘጋ፥ በተከታዩም ዓመት 11 ሠራተኞች ተፈርዶባቸው ስድስቱ ታሰሩ። በደሉን የሸሸገው የግቢው ዝግ መሆንና የአቤቱታው ሰሚ ማጣት ነበር።

በእኛም ሕግ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው በሚገባ ያልጎለመሰውንና በሽተኛውን በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖረውንም ሰው፥ በዚያ እስካለ ድረስ፥ እብደቱ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቈጥረዋል። ሕጉ ያሰበው ሰውየውን ከአታላይ ለመጠበቅ ነው፤ ሆኖም ደጁን መግባት ብቻ ስም ያስለውጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንዲረዳ ያዛል፤ በአዋጅ ቍጥር 676/2002 የተቀበልነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 እነዚህ ሰዎች በኅብረተሰቡ መካከል የመኖር መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እንግዲህ መልካም ማደሪያ በምን ይታወቃል? አንደኛ፥ በትንሽነቱና በቅርብነቱ ነው፤ ጥቂት ሰዎች በሰፈር መካከል ቢያድሩ ዘመድ በእግሩ መጥቶ ይጠይቃቸዋል፥ ጎረቤትም ያያቸዋል። በቤልጅግ አገር ጌል በምትባል ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነዋሪዎች እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች በየቤታቸው ተቀብለው እንደ ቤተ ሰብ ማኖርን ልማድ አድርገው እስከ ዘመናችን አድርሰውታል። ሁለተኛ፥ ሠራተኛው እያንዳንዱን ሰው በማወቁ ነው። ቃል የሌለው ልጅ ራሱን ከግድግዳ ቢያጋጭ ምናልባት ጥርሱን አሞት ይሆናልና፥ የሚያውቀው ሠራተኛ አፉን ያያል፤ የማያውቀው ግን እጁን ያስራል። ይህን ዕውቀት ለማግኘት ትምህርትና በቂ ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ደመወዙ ያነሰ ሠራተኛ በየጊዜው ሲለዋወጥ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳልና። ሦስተኛ፥ ቀኑ ሥራና ትምህርት ያለበት በመሆኑ ነው፤ ልብስ ማጠብ፥ አትክልት መኰትኰት፥ ገበያ መውጣት ለእነርሱ ማዕርግ ነው። አራተኛ፥ ሰው በታሰረና በማደንዘዣ መድኃኒት ዝም እንዲል በተደረገ ቍጥር ማን እንዳዘዘ፥ ስለ ምን፥ ለስንት ሰዓት እንደ ሆነ ተጽፎ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው የሚያነበው እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ለሹማምንቱ የምናሳስበው ይህ ነው። ተቆጣጣሪ በቀጠሮ በቀን ሲሄድ የሚታየው የተቀባ ግድግዳና የተነጠፈ አልጋ ነው፤ ሌሊትና እሑድ ሳይታሰብ ቢሄድ ግን ለስንት ሰው ስንት ጠባቂ እንዳለ፥ የቱ በር ከውጭ እንደ ተቆለፈ ያያል። ደግሞም በአቃቂ ዳርቻ መሬት ይገኛል ተብሎ ከሰው ዓይን የራቀ ሰፊ ግቢ ከመታጠሩ በፊት፥ በየወረዳው ትናንሽ ቤቶችን ማሰናዳት እንደሚሻል ይመዘን።

ለካህናቱም ድርሻ አላቸው። ብዙ እናት ከሐኪም አስቀድማ ልጇን ይዛ የምትመጣው ወደ ጠበል ነውና። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በተናገሩ ጊዜ ብዙ ምእመን ከጭንቀት ዐርፏል። እንደዚሁም የንስሐ አባት እናቲቱን «ይህ ልጅ ቅጣትሽ አይደለም፤ አትሸሽጊው፥ አታስሪውም» ቢሏትና ወደ ሐኪምና ወደ ትምህርት ቢመሯት፥ የተቆለፈው በር በአንድ ቃል ይከፈታል። ታላቁ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድኾችና ለሕሙማን ቤት መሥራቱን የሚያውቅ ካህን በሰፈሩ ያለውን ማደሪያ ቤት መጎብኘት ሥራው እንደ ሆነ አይጠፋውም።

የአቃቂዋ እናት ከሞተች በኋላ ልጇ የሚያድርበትን ቤት እርስዋ በሕይወት ሳለች ገብታ ልታየው፥ ሠራተኞቹንም ልታውቃቸው፥ ልጇም ለጥቂት ሌሊት እያደረ ሊለምደው ይገባል። ይህን ያገኘች ዕለት ጥያቄዋ ተመለሰላት እንላለን።