ያውቁ ኖሯል? ሳክስፎን ያስፎከሩት አዛውንት

እብናት ላይ ሠርግ ሲደምቅ፣ አንዱ ጎበዝ ዱላውን ነቅንቆ ለሽለላ ሲነሳ አይተው ይሆናል። ያንኑ ሽለላ በሳክስፎን የሚያወርዱ ሰው እንደነበሩስ ያውቁ ኖሯል? ግጥም የለ፣ ዘፋኝ የለ፤ ሳክስፎኑ ራሱ ይፎክራል! ባለቤቱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 (ከታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ይፋት ተወለዱ። ሙዚቃን የጀመሩት በምን መሰለዎ? በክራርና በማሲንቆ! አዎ፣ የእብናትና የደብረ ታቦር አዝማሪ በሚገዘግዛት በዚያችው ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆ!

ገና በ14 ዓመታቸው ግድም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ነበሩ! ከዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ።

መድረክ ላይስ ምን ይለብሱ ነበር? የአንበሳ ጎፈር! እንደ ጥንቱ አርበኛ!

የውጭ አገር ሰዎች አጨዋወታቸውን ከአሜሪካዊው የጃዝ አብዮተኛ ከኦርኔት ኮልማን ጋር ያወዳድሩታል። ኮልማን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1958 ነው፤ ያኔ ጋሽ ጌታቸው በባንድ መጫወት ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር። የጋሽ ጌታቸው ምንጭ ግን ጃዝ አይደለም፤ የባላገሩ ሽለላና ፉከራ ነው!

የሳክስፎን ሸክላቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ታተመ። ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» በሚል ርዕስ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 14ኛ ቁጥር ሆኖ ዓለምን ዞረ!

አሁን ጉዱን ይስሙ! ኔዘርላንድስ ውስጥ «ዘ ኤክስ» የሚባል የፓንክ ባንድ አለ። በ1979 ሲመሠረት ጋሽ ጌታቸው የ44 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ባንዱ በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጋበዛቸው። ሄዱ፣ ተጫወቱ፣ ባንዱንም ወደዱት። ከዚያስ? «ቀጣዩን አልበሜን የምሠራው ከእናንተ ጋር ነው» ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው!

«ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ። የ71 ዓመት አዛውንት! ጊታሮቹ ይጮኻሉ፣ ከበሮው ምድር ያንቀጠቅጣል፣ ሳክስፎኑ ከሁሉም በላይ ይሸልላል! ከበሮውን የምትደልቀው ደግሞ ሴት ናት፤ ካተሪና ቦርነፌልድ! አልበሙ ውስጥ የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ሳይቀር አለ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የጋለ አልበም የሠራ ሌላ ኢትዮጵያዊ የሳክስፎን ተጫዋች እኔ አላውቅም።

በ2008 ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር! በዚያው ምሽት ማህሙድ አህመድና ዓለማየሁ እሸቴም ተጫውተዋል!

አልበቃቸውም! በ2012 ከነዚያው ፓንኮች ጋር «የአንበሳው ትዝታ»ን ጨመሩ። ያረፉት በ2016፣ በ81 ዓመታቸው ነው።

«ሞዓ አንበሳ»ን እስከዛሬ ካልሰሙ ዛሬውኑ ይፈልጉት። ከሽለላው ይጀምሩ፤ ድምፁንም ከፍ ያድርጉት!