ያውቁ ኖሯል? በዓመቱ መካከል የተገዛ ንብረት የእርጅና ቅናሽ
የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም የአንድ ቋሚ ንብረት ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ በየዓመቱ ወደ ወጪ የሚዛወርበት ስሌት፣ ንብረቱ በሒሳብ ዓመቱ መካከል ሲገዛ የመጀመሪያውን ጎዶሎ ጊዜ ለብቻው ማስላትን ይጠይቃል። በኤክሴል ውስጥ አሞርሊንክ የተባለው ቀመር ለፈረንሳይ የሒሳብ አያያዝ ሥርዓት የተሰናዳ ሲሆን፣ የግዢውንና የመጀመሪያውን ሒሳብ መዝጊያ ቀናት ተቀብሎ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ያሰላል። በ12,000 ዩሮ ኦክቶበር 1 ቀን ተገዝቶ በዓመት 20 በመቶ የሚቀነስለት ማሽን፣ ሒሳቡ ዲሴምበር 31 የሚዘጋና የመጨረሻ ቀሪ ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ ዓመቱም እንደ 360 ቀን ከታሰበ፣ በጎዶሎው ጊዜ 600፣ በቀጣዮቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ 2,400፣ በመጨረሻም 1,800 ዩሮ ይቀነስለታል፤ በዚህም የአምስት ዓመት ዕድሜው በስድስት የሒሳብ ዓመታት ላይ ይዘረጋል።

ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚሻው ቀመሩ ጎዶሎውን ጊዜ 1 ሳይሆን 0 ብሎ መቁጠሩ ነው፤ የጊዜውን ቁጥር 1 ብሎ ያስገባ የሒሳብ ሠራተኛ በ600 ፈንታ 2,400 ያገኛል፣ ቀመሩም ስሕተቱን አይጠቁመውም። በየዓመቱ ከቀሪው የመዝገብ ዋጋ ላይ አንድ ዓይነት መቶኛ የሚቀንሰው ዲቢ የተባለው ሌላ የኤክሴል ቀመር ደግሞ ጎዶሎውን ጊዜ 1 ብሎ ይጀምራል፣ የሚቆጥረውም ቀን ሳይሆን ወር ነው፤ የወራቱ ብዛት ካልተነገረው 12 አድርጎ ስለሚወስድ፣ በዓመቱ ማብቂያ ላይ የተገዛውን ንብረት እንኳ ዓመቱን ሙሉ እንዳገለገለ አድርጎ ያሰላዋል።