የንጋት ዘማሪና የሌሊት ወፍ

በደብረ ታቦር ዙሪያና ከጉና ተራራ ሥር ባለው በፋርጣ አገር ጥዱና ወይራው ሳይቆረጥ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለው የደጋ ደን ጎሕ ሲቀድ አንዲት ትንሽ ወፍ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ታዜማለች። ራሷ ጥቁር፤ ቅንድቧ ነጭ፤ ደረቷ ብርቱካን የመሰለ ነው። የሌሎችንም ወፎች ዜማ እየቀዳች ታሰማለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1832 እና በ1833 ወደ ጎንደር መጥተው የተቀመጡት ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል ለዓለም ስላስታወቋት፣ በአውሮፓ መጻሕፍት በስማቸው ትጠራለች።

ሲመሽ ተራው የሌሊት ወፍ ነው። ቋንቋችን ወፍ ይበለው እንጂ ወፍ አይደለም። ላባ የለውም፤ ክንፉም በረዣዥም ጣቶቹ መካከል የተዘረጋ ቆዳ ነው። ዘማሪዋ እንቁላል ጥላ ትፈለፍላለች፤ የሌሊት ወፍ ግን ይወልዳል፤ ጡትም ያጠባል። በኢትዮጵያ ደጋ ዋሻዎች ከሚያድሩት መካከል በአፍንጫው ላይ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቆዳ ያለው አንዱ ነው። እርሱም የሚጮኸው በአፍንጫው ሲሆን፣ የእኛ ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ ስለማይሰማ ዝም ያለ ይመስለናል። ጩኸቱ ከእሳት እራት ላይ ነጥሮ ሲመለስለት፣ የሚበላው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። ጣሊያናዊው ካህን ስፓላንዛኒ በ1793 ዐይኑ የታወረ የሌሊት ወፍ መንገዱን እንደማይስት ተመልክተው ነበር፤ ምሥጢሩ ግን በአሜሪካ ሊቃውንት እጅ እስከ 1938 ድረስ አልተፈታም።

ክቡራን አንባቢዎች፣ ዘማሪዋን በዱላ የሚያሳድድ ሰው የለም። የሌሊት ወፍን ግን ከጣራ ሥር ሲያገኙት በጭስ ያፍኑታል። መልኩ ለዐይን ደስ እንደማይል አልክድም፤ ዳሩ ግን ወፊቱ በቀን ተባይ ስትለቅም፣ እርሱ ደግሞ በሌሊት የሚበርረውን ይለቅማል። ወፊቱ ጎጆዋ ቢፈርስ እንደ ገና ሠርታ እንቁላል ትጥላለች፤ የሌሊት ወፍ እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። እርሷ በጭስ ስትሞት ግልገሉም በረኃብ ያልቃል፤ የጠፋውም መንጋ ቶሎ አይተካም።

ኩሱ ቤቱን ስላበላሸበት ማስወጣት የሚፈልግ ባለቤት፣ ግልገሎቹ መብረር እስኪችሉ ይታገሥና ማታ ሁሉም ሲወጡ ቀዳዳውን ይድፈን። ልጆችም ወድቆ ያገኙትን በእጃቸው አይንኩ፤ እንደ ውሻ ሁሉ የእብደት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ አጥቦ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።