ያውቁ ኖሯል? ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በእግር

ነፋስ መውጫ ላይ በማለዳ ከመኪና የወረደ እንግዳ የከተማይቱን ስም ትርጉም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጋቢውን የሚገልበው ነፋስ ይነግረዋል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ብዙው መንገደኛ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ሻይ ጠጥቶባት ይሄዳል። ይህ ዓምድ መኪናውን አሳልፎ ለሚቀረው ሰው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ቢያጥረው ጉልበት አንሶት አይደለም። ሸንተረሩን ይዞ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መሄድ ይበቃዋል።

ሸንተረሩ ራሱ ውኃ ከፋይ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ ፊትዎን አዙረው ሲሄዱ፣ በግራዎ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በቀኝዎ የወረደው ወደ በሽሎ ይሄዳል። በሽሎ ከአባይ ይቀላቀላል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ይቀላቀላል። ተለያይተው የሄዱት ውኃዎች እንደገና የሚገናኙት ከካርቱም በስተሰሜን፣ አትባራ ከተማ አጠገብ ነው። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች በረሃ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ያን ሁሉ አገር ይዞራሉ።

በዚሁ አገር የሚገኘው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከገብሱ እርሻ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ ይጀምራል። ጅብራ ለረጅም ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ያውቁ ኖሯል? ሲያብብ ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም ከውጭ ለሚያያት ክብ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ክቡ ቤት ግን ልብስ ነው። ውስጡ በተጠረበ ድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጓል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክነም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በእግርና በበቅሎ ደርሶ አይቶት፣ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም ነገረ። አንዳንዶች «ያገኘው» እሱ ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። የድጓ መምህራንና ተማሪዎቻቸው ከዚያች ደጅ ጠፍተው አያውቁም፤ ቤተልሔም ለእነሱ የድጓ ማስመስከሪያ፣ የዜማ መናገሻ ናት።

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ከሚታወቅባቸው ሦስት ስልቶች፣ ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር መካከል ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ ቆማ ፋሲለደስ በእስቴ። ሦስተኛ እንጨምር ካልን ደግሞ በጋይንት የምትገኘው ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት፤ ቅዱስ ያሬድ እነዚህን ድርሰቶች በዚያ እንደደረሰ አበው ይተርካሉ። በድጓ መስመሮች ላይ የሚታዩትን የዜማ ምልክቶች ያዘጋጁት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። እስከ ዛሬ ተማሪው ምልክቶቹን እያየ ይቀጽላል።

ከደብር ወደ ደብር የሚሄዱትን የእግር መንገዶች ካቀኑት አንዱ የቆሎ ተማሪ ነው። ቅዳሴ ከአንዱ፣ ድጓ ከሌላው፣ ዝማሬ ከሦስተኛው መምህር ሊማር፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ አገር ያቋርጣል። እንግዲህ ከቤተልሔም ወይም ከዙር አምባ በሚመጣው ቀጭን መንገድ ላይ ሲረግጡ፣ የብዙ መቶ ዓመታት የተማሪ እግር ያለሰለሰውን ድንጋይ ነው የሚረግጡት። በማለዳ ከሄዱ ከጎጆዎቹ የቃል ትምህርት ድምፅ ይሰማሉ። ቆም ብለው ያዳምጡ፤ ሳያስፈቅዱ ግን ፎቶግራፍ አያንሡ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባትም አስቀድመው ካህናቱን ይጠይቁ፣ ጫማዎን ያውልቁ፤ አንዳንዱ ገዳም ለሴቶች እንደማይፈቀድም አይርሱ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚህ በኩል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው፤ መንገድ አልነበረምና እየቆፈሩ፣ ገደሉን እየደለደሉ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ነው የሄዱት። ጨጨሆ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲመለከቱ ስድስት ወር ለምን እንደፈጀ ይገባዎታል። ስለዚያ ዘመቻ ብዙ ቢጻፍም፣ ያን መንገድ በእግር ያልሄደ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው ባይ ነኝ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ይህ አገር የነበረበት የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት በአንቺም ጦርነት፣ አውሮፕላን በአገራችን ጦር ሜዳ ላይ እንደዋለ ያውቁ ኖሯል? መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። የራስ ጉግሣ የቀድሞ ባለቤት ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ስማዳ በጽሑፍ አዲስ አይደለችም፤ በ1672 እ.ኤ.አ. በተጻፈው በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ውስጥ ስሟ ይነሣል። በደቡብ ጫፏ በሽሎና አባይ ይገናኛሉ። ወደዚያ ሸለቆ መውረድ ግን ቀላል መንገድ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ዳገቱም በመመለሻ ነው የሚመጣው። ከስማዳ ዋና ከተማ ከወገዳ ወጣ ብሎ ከጠርዙ ላይ ማየት ይሻላል።

በቀላሉ ለመሄድ የሚሻለው ዘዴ ገበያተኛን መከተል ነው። ታች ጋይንት ውስጥ ያለችው አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ገበያተኛ አህያ የሚያልፍበትን፣ ዳገቱ የሚለዝበውን፣ ጥላ ያለበትን መንገድ ይመርጣል። በየመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ደን ያገኛሉ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት የእንጨት ዕፅዋት መመዝገቡን ያውቁ ኖሯል? በዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ሳለ ያ ሁሉ ዘር የተረፈው በደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። ከብት እንዳይገባበት የድንጋይ ካብ የተካበለት ደን ችግኙ ቶሎ ያገግማል።

ከጨጨሆ ባሻገር ባለው በመቄት ወረዳ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳ እየመሩና እያበሉ ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሱበት ሥራ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ተጀምሯል። ገቢው ለማኅበረሰቡ ነው። ጋይንት ያው ሸንተረር፣ ያው ገደል፣ ያው ገብስ አለው፤ በላዩ ደግሞ ቤተልሔም አለችው። ይህ ሥራ ወደዚህ መሻገር ነበረበት።

ለመሄድ ያሰቡ ሰው ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም የአገሩን ሰው ይጠይቁ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ የሚያብብበትን መስከረምን ወይም ጥቅምትን ይምረጡ፤ በማለዳ ተነሥተው ከፀሐይ በፊት ሸንተረሩን ይያዙ። ስንቅ ሲቋጥሩ ደግሞ ከሚበቃዎ በላይ ቆሎና ዳቦ ይጨምሩ፤ በመንገድዎ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ተማሪ አያጡምና።