የውርጭ ምድር በረዶን ፎቶግራፍ ማንሳት

የውርጭ ምድር በረዶን ፎቶግራፍ ማንሳት በከፍተኛ ተራሮች ላይ በሌሊት ቅዝቃዜ የሚፈጠሩ የበረዶ ቅርጾችን በምስል የመመዝገብ ሥራ ነው። «ውርጭ» ሌሊት የሚወርደውን ብርቱ ቅዝቃዜና አመዳይ ሲያመለክት፣ ከደጋ በላይ ላለው የአየር ጠባይ ክልልም መጠሪያ ነው።

በኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግን የሰሜንና የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው። የዛሬው በረዶ ሌሊት ተፈጥሮ ረፋድ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው ፎቶግራፍ ዋና ማስረጃ ነው።

አፈጣጠር

በበጋ ሰማዩ ሌሊት ጥርት ስለሚል ምድር የቀኑን ሙቀት በፍጥነት ታጣለች። ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው ራስ ዳሸንና 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የባሌ ሳነቴ አምባ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት ይፈጠራሉ፦

• አመዳይ፦ በአየር ውስጥ ያለ ተን ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ሲለወጥ በሣርና በጅብራ ቅጠል ላይ የሚታይ ነጭ ሽፋን።
• የመርፌ በረዶ፦ ከእርጥብ አፈር ወደ ላይ የሚሳብ ውሃ እየረጋ የሚያበቅለው ቀጭን ዘንግ። አፈርና ጠጠር ተሸክሞ ስለሚነሳ የችግኝ ሥር ይነቅላል።
• የኩሬ በረዶ፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚጋገር ስስ ንጣፍ።

አዲስ አበባ ላይ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው በረዶ ግን በደመና ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ከእነዚህ ይለያል።

አነሳስ

ምቹው ጊዜ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ቦታውን እስክታሞቅ ያለው ነው። ዝቅ ያለ የጎን ብርሃን የበረዶውን ቅርጽ ያጎላል፤ ከበስተጀርባው የሚመጣ ብርሃን ደግሞ ውስጡን ያሳያል። ካሜራ ነጭ ነገርን አጨልሞ ስለሚያነሳ የብርሃኑን መጠን በትንሹ መጨመር ያስፈልጋል። መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል። በተለያየ ዓመት ከአንድ ቦታ የተነሱ ምስሎችን ማነጻጸር የሚቻለው በዚህ መረጃ ነው።

ጥንቃቄ

ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪ በልብስ ውስጥ ይያዛል። ካሜራው ወደ ሞቃት ድንኳን ከመግባቱ በፊት በፌስታል ቢታሰር ጤዛ አይዝበትም። የኩሬው በረዶ ሰው ስለማይሸከም አይረገጥም። በብርድ ቀስ ብሎ የሚያድገው የተራራ ዕፅዋትም እንዳይረገጥ መጠንቀቅ ይገባል።