«ከፍለን ጨረስን» የተባለው ብር

እንበል፣ ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ቸኩሎ ሲታጠፍ አንዲትን እናት ገጨ፤ እግራቸውም ተጎዳ። ቤተሰቡ ተሯሩጦ ብር ያሰባስብና ያስፈታዋል። «ከፍለን ጨረስን» ብለውም ያርፋሉ። አልጨረሱም። ያ ገንዘብ ዋስትና ነው፤ ልጁ በየቀጠሮው ከቀረበ ኋላ ይመለሳል። መቀጮ የሚመጣው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው፣ እሱ አይመለስም። ስለዚህ የዋስትናው ደረሰኝ አይጥፋ።

የወንጀል ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ በሆሳዕናም በዱራሜም በአዲስ አበባም አንድ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ሕግ በአንቀጽ 90 ለግለሰብ የመቀጮን መነሻ 10 ብር፣ ጣሪያውን 10,000 ብር አድርጎታል። ለድርጅት ጣሪያው 500,000 ብር ነው። የተለየ ድንጋጌ ካለ ግን እሱ ይቀድማል። ዳኛው ልኩን ሲቆርጥ የጥፋቱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የጥፋተኛውን ኑሮም እንዲያይ ታዟል፦ ገቢውን፣ ሥራውን፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን፣ ዕድሜውን፣ ጤናውን።

ይህን ለዳኛው ማን ይነግረዋል? ጥፋተኛ የተባለው ሰው «የቅጣት ማቅለያ አለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ብዙው እዚህ ላይ አንገቱን ደፍቶ «ፍርድ ቤቱ ያውቃል» ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ አያውቅም! ባጃጇ የሰው መሆኗን፣ በየማታው ለባለንብረቱ ገቢ እንደሚያስገባ፣ ስንት ታናናሾች እንደሚያሳድግ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ይናገር፤ ወረቀት ካለውም ያቅርብ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ የሚልከው ብር የወንድሙ እንጂ የእሱ ገቢ አለመሆኑንም ይናገር። በሐዲያና በከምባታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሽማግሌስ? በሐዲያ «ሴራ»፣ የአማርኛውን ሴራ ሳይሆን የአባቶችን ሥርዓት ማለቴ ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ቢቆርጥ ካሳው የተጎጂዋ ነው፤ መቀጮው ግን የመንግሥት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሆኖም ተጸጽቶ መካስ ቅጣት ያቀላልና የዕርቁ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ልጁ የሚክስበት ከሌለው ደግሞ ዳኛው ከመቀጮው ለተጎጂዋ እንዲከፈል ሊያዝዝ ይችላል። እኚያ እናት ይህን መጠየቅ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ሰው ይኑር።

በአንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው ጊዜ እንዲሰጠው ወይም ከፋፍሎ እንዲከፍል ያመልክት። ንብረት እያለው እምቢ ያለ ንብረቱ ተይዞ ሊሸጥ ይችላል። ምንም የሌለው መቀጮው በሥራ ተለውጦለት ለመንግሥት ወይም ለሕዝብ ተቋም በጉልበቱ ይከፍላል።

ከፍሎ ሲጨርስ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር መያያዙን በዓይኑ ይይ፤ የዋስትናው ገንዘብ እንዲመለስለትም በዚያው ያመልክት።