ከማኮብኮቢያ ያጠረ በረራ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታም ደሴቶች አሉ። የአየር ማረፊያዎቻቸው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቦሌ ማኮብኮቢያ እንኳ 3.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ በሁለቱ መካከል በረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የጊዜ ሰሌዳው ሁለት ደቂቃ ይላል፣ ነፋሱ ከተመቸ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ ከተመዘገበው ሁሉ ያጠረው 53 ሰከንድ ብቻ ወስዷል። ዓለም መስመሩን የሚያውቀው በዚህ ክብረ ወሰን ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎም አገልግሎት እንደ ጨዋታ ሲወራበት፣ ድጎማውም ጨዋታ ይመስላል።

ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ ጊዜ ማግኘት እዚህ አይሠራም። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 2.7 ኪሎ ሜትሩን በ40 ሰከንድ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን መነሣት፣ ወደ ነፋሱ መዞርና መውረድ አለ፤ ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ዙሪያ ጥምጥም መሄድም አይቀርም። የሚበረው ብሪተን ኖርማን አይላንደር የተባለ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። አስተናጋጅ የለውም፤ አንዱ ተሳፋሪ ከአብራሪው ጎን ይቀመጣል። ደግሞም ሁለቱ ደቂቃዎች ራሳቸውን የቻሉ ጉዞ አይደሉም፤ የደሴቶቹ ዋና ከተማ ከሆነችው ከከርክዎል ተነሥቶ ሁለቱን ደሴቶች አዳርሶ የሚመለስ መስመር ቁራጭ ናቸው። ሆስፒታሉ ያለው ከርክዎል ነው። ከዚያ ዌስትሬይ ድረስ በመርከብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ በአውሮፕላን ሩብ ሰዓት። ለታማሚም፣ ከደሴት ደሴት ለሚመላለስ መምህርም ቁም ነገሩ ይህ ልዩነት ነው።

«በሁለቱ መካከል ጀልባ አለ፣ 25 ደቂቃ ቢፈጅ ምን አለበት? ነዳጁስ?» የሚል አይጠፋም። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2023 አጫጭር የአገር ውስጥ በረራዎችን አግዳለች ይባል ይሆናል። የፈረንሳዩ እገዳ ግን የሚመለከተው ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በባቡር ሊደረስባቸው የሚችሉ መስመሮችን ነው፤ እዚህ ባቡር የሚባል ነገር የለም። አውሮፕላኑም ሁለቱን ደሴቶች ከከርክዎል ጋር ማገናኘቱ ስለማይቀር ቁራጯን ማስቀረት የሚያድነው ነዳጅ ኢምንት ነው። ድልድይ ይሠራ ቢባልም፣ ፓፓ ዌስትሬይ ላይ የሚኖረው መቶ የማይሞላ ሰው ነው። ከትችቶቹ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ በዓለም አጭሩን በረራ በረርኩ የሚል የምስክር ወረቀት ፍለጋ የሚመጣው ጎብኚ ጥቂቶቹን ወንበሮች ይሻማል። የጎብኚው ገንዘብ ወጪውን ያግዛልና ይምጣ፤ ወንበር ባነሰ ጊዜ ግን ቅድሚያው ያለ ማመንታት ለነዋሪው ይሁን፣ ድጎማውም ይቀጥል።